ዘይት ላይ የማያቆም የፖም ቦምቦሊኖ



በረመዷን የመግሪብ አዛን ሲቃረብ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ይጠበሳል። ቤተሰቡ በቴምርና በውኃ ሲያፈጥር እናት ግን ገና የፈላ ዘይት ላይ ቆማለች። የመግሪብ ወቅት ደግሞ አጭር ነው፤ ሶላቷ ይዘገይባታል። በዘይት ከሚጠበሰው ይልቅ የሚጋገር የፖም ቦምቦሊኖ የመረጥነው ለዚህ ነው።

2 ፖም ልጠን በደቃቁ እንከትፋለን። ፖም ውድ ነው፤ የአገራችን የጨንቻ ፖምም ቢሆን ከሩቅ ጋሞ የሚመጣ ነው። ነገር ግን 2 ፍሬ ለ12 ቦምቦሊኖ ይበቃል። ከ2 ማንኪያ ስኳርና ከጥቂት ቀረፋ ጋር ውኃው እስኪመጥ አብስለን እናቀዘቅዘዋለን። ውኃው ካልመጠጠ የሊጡ መሐል ጥሬ ይሆናል።

3 ብርጭቆ የፉርኖ ዱቄት፣ 2 የሻይ ማንኪያ እርሾና ቁንጥር ጨው በ1 ብርጭቆ ለብ ያለ ወተት እናቦካለን። (ወንዶች ልጆች ማሸቱን ቢያግዙ ደስ ይለናል።) ሰዓቱ እንደ አገሩ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ብርዱ ሊጡን ያዘገየዋል፤ ከዙህር በኋላ ወዲያው ይቦካ። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ግን ሙቀቱ ያፈጥነዋል፤ ዐስር ተሰግዶ ቢቦካም ይደርሳል።

ኩፍ ሲል ፖሙን ቀላቅለን 12 ቦታ እናድቦለቡላለን። ከአዛኑ ግማሽ ሰዓት በፊት በ180 ዲግሪ ምድጃ ለ25 ደቂቃ ያህል ይጋገራል። ምድጃ የሌለው እንደ ድፎ ዳቦ በተቀባ ምጣድ ደርድሮ፣ በብረት ክዳን ከድኖ ከላይ ፍም ያደርግበታል። ፍሙ ከበዛ ስኳሩ ያራል። ጾመኛ ስለማይቀምስ መብሰሉን በስንጥር ወግተን እናያለን፤ ስንጥሩ ሊጥ ሳይዝ ከወጣ ደርሷል።