የጡት ዕጢ በምስል እንዴት ይለያል?

በሐረር ከተማ የምትኖር አንዲት የ16 ዓመት ልጃገረድ ገላዋን ስትታጠብ ከጡቷ ውስጥ የሽንብራ ያህል ጠጣር ነገር በጣቷ ነካች እንበል። ለእናቷ እንኳ ሳትናገር ወራት ታሳልፋለች፤ «ዕጢ» ሲባል የሰማችው «ነቀርሳ» ከሚለው ቃል ጋር ብቻ ነውና። ይሁን እንጂ ሁለቱ ቃላት አንድ አይደሉም። ዕጢ ከልክ በላይ የተባዙ ሕዋሳት ክምችት ሲሆን፣ ነቀርሳ ወይም ካንሰር የሚባለው ግን አጠገቡ ወዳለው አካል ሰርጎ የሚገባውና ወደ ሌላም ሊዛመት የሚችለው ነው። በእናንተ ዕድሜ በጡት ላይ የሚወጣው ዕጢ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፋይብሮአዴኖማ የተባለው፣ ካንሰር ያልሆነው ዓይነት ነው። ሲነኩት ከጣት ሥር ይንሸራተታል።

ታዲያ ሐኪም ይህን ገላ ሳይቀድ በምን ያውቀዋል? በቅድሚያ ወደ አሳባችሁ የሚመጣው ራጅ ሳይሆን አይቀርም። (ቃሉን የወረስነው ከጣሊያንኛ ነው፤ «ጨረሮች» ማለት ነው።) ጀርመናዊው ሮንትገን በ1895 እ.ኤ.አ. ባገኘው በዚህ ጨረር የሚነሣው የጡት ምስል ማሞግራፊ ይባላል። ዳሩ ግን የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ በምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ዕጢውም ነጭ ነው። በጭጋግ ውስጥ ነጭ በግ እንደ መፈለግ ይሆናል።

ስለዚህ ለወጣቶች የሚቀድመው አልትራሳውንድ ነው። ከገደል ፊት ቆሞ የተጣራ ሰው ድምፁ በማሚቶ ይመለስለታል። መሣሪያውም እንዲሁ ድምፅ ይልክና ማሚቶውን ይቀበላል፤ ልዩነቱ የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20,000 በላይ የሚርገበገብ ድምፅ የማይሰማ ሲሆን፣ ይህ ግን በሚሊዮኖች የሚቆጠር ጊዜ መርገብገቡ ነው። ጨረር የለበትም። ውኃ የቋጠረ እብጠት ማሚቶ ስለማይመልስ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ጠጣር ዕጢ ሲሆን ግን ሐኪሙ ጠርዙን አጥብቆ ይመለከታል።

ሐረርን ከከፍታ ላይ የተመለከተ ሰው በ16ኛው መቶ ዓመት የታነጸው የጀጎል ግንብ ውስጡን ከውጭ እንዴት እንደሚለይ ያያል፤ ከግንቡ ውጭ የተስፋፋው ከተማ ግን ጫፉ የት እንደ ሆነ በውል አይለይም። ፋይብሮአዴኖማ የፊተኛውን ይመስላል፤ ሞላላ፣ ጠርዙ ለስላሳ፣ ከቆዳው ጋር ትይዩ የተጋደመ ነው። ካንሰር ብዙ ጊዜ የኋለኛውን ይመስላል። ብዙ ጊዜ አልን እንጂ ሁልጊዜ አላልንም፤ ምስሉ ያጠራጠረ እንደ ሆነ በመርፌ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል።

ልጃገረዷ በመጨረሻ ለእናቷ ነግራ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ብትላክ፣ ሐኪሙ የዕጢውን ስፋት በሚሊሜትር ለክቶ ይመዘግባል፤ ምስሉ የማያጠራጥር ከሆነም ከ6 ወር በኋላ እንድትመለስ ሊቀጥራት ይችላል። ያን ጊዜ ሁለቱ ልኮች ይተያያሉ፤ ካላደገ ቢላዋ ሳይነካው እዚያው ይተዋል።