በደጋ አገር ስለ ሲሊንደር ጋዝ አነዳድ፤ በሐይቅ እስጢፋኖስ አጠገብ ከታየው

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ እኛ አምስት ተማሪዎች ከደሴ በስተሰሜን ባለችው በሐይቅ ከተማ አቅራቢያ፥ ከእስጢፋኖስ ገዳም ራቅ ባለ የሐይቁ ዳር ድንኳን ተክለን ሦስት ሌሊት አድረን ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ምዕተ ዓመት በገዳሙ ስላቆሙት ትምህርት ቤት ብዙዎች ስለ ጻፉ እዚህ አንደግመውም። እኛ የምንገልጸው ስለ ምድጃችን ነው። ነገሩ ተራ ቢመስልም ከመካከላችን አንዱን ሊያሳጣን ጥቂት ቀርቶት ነበር።

በከተሞቻችን «ቡታ ጋዝ» የሚለው ስም ለነጭ ጋዝ ምድጃም ለሲሊንደሩም ይነገራል። እኛ የያዝነው ሲሊንደሩን ነው። በውስጡ ያለው ፕሮፔንና ቡቴን በግፊት ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጥና ሲከፈት ወደ ጋዝነት ይለወጣል። ፕሮፔን ከዜሮ በታች እስከ 42 ዲግሪ ድረስ ይተናል፤ ቡቴን ግን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መትነኑን ያቆማል። ስለዚህ ውርጭ በሚወርድበት በሰሜን ተራራ ለሚያድር ሰው ፕሮፔን የበዛበት ሲሊንደር ይሻለዋል። ሲሊንደሩ ቢቀዘቅዝም በእሳት ማሞቅ ፈጽሞ አይገባም።

ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በምጽዋ ወይም በጅቡቲ ጠረፍ ካለው ከመቶ 80 እጅ ገደማ ብቻ ነው። ከዚህም ሁለት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛው፥ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የፈላ ውሃ ከዚያ በላይ ስለማይሞቅ እሳቱን ማብዛት ጋዝ ከመጨረስ በቀር ባቄላውን አያፋጥነውም። የሚረዳው አስቀድሞ መዘፍዘፍ፥ ወይም እንፋሎቱን አፍኖ በሚይዝ ድስት መቀቀል ነው።

ሁለተኛውና ዋናው የአየሩ መሳሳት ነው። አንድ እጅ ፕሮፔን በሚገባ ለመንደድ 24 እጅ አየር ይፈልጋል። በደጋ አየሩ ሲሳሳ ከምድጃው ቀዳዳ የሚወጣው ጋዝ በዚያው ልክ አይቀንስም። እንግዲህ ለቆላ የተስተካከለ ምድጃ ወደ ደጋ ሲወጣ ጋዙ ይበዛበታል፥ አየሩ ያንሰዋል። ምልክቱም ግልጽ ነው፤ ሰማያዊው ነበልባል ቢጫ ይሆናል፥ የድስቱም ቂጥ በጥላሸት ይጠቁራል። በአሜሪካ አገር የምድጃውን ኀይል ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ከመቶ 4 እጅ ያህል መቀነስ የተለመደ ነው። ይህም የሚሆነው ባለሙያ ጠባብ ቀዳዳ ሲያስገባለት ነው።

በነጭ ጋዝ ወይም በሲሊንደር የሚሠራ ማቀዝቀዣም ከዚሁ አያመልጥም። ከመካከላችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግነው ከታች ነበልባል እየነደደ ከላይ የሚያቀዘቅዘውን ሣጥን እናስታውሳለን። ይህን አሠራር በ1922 እ.ኤ.አ. የፈለሰፉት ፎን ፕላተንና ሙንተርስ የሚባሉ ሁለት የስቶክሆልም ተማሪዎች ነበሩ። ሣጥኑ ሞተር የለውም፤ በውስጡ አሞኒያን የሚያዘዋውረው ሙቀት ነው። ስለዚህ ነበልባሉ በደጋ ሲደክም ቅዝቃዜውም ይደክማል፤ ዘንበል ብሎ ከቆመም ሥራው ይታወካል።

አሁን ወደ ደረሰብን ነገር እንመለስ። በሁለተኛው ማታ ዝናብ ቢጥልብን ምድጃውን ወደ ድንኳኑ አስገባንና በሩን ዘጋን። ነበልባሉ ቢጫ እንደ ነበር ሁላችንም አይተናል፤ ምን ማለት እንደ ሆነ ግን ማንም አልጠየቀም። ጥቂት ቆይቶ ራሳችንን ያመን ጀመር፤ ታናሻችንም «እንቅልፌ መጣ» ብሎ ተኛ። ስንጠራው ባለመመለሱ ተሸክመን ወደ ዝናቡ አወጣነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነቃ።

ይህን ያደረገው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክሲጅን 200 ጊዜ በሚበልጥ ኀይል ነው። ኦክሲጅን ራሱ በሳሳበት ደጋ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

በማግሥቱ ነገሩን የሰሙ አንድ የሰፈሩ አዛውንት፥ «ልጆቼ፥ ከሰልም እንዲሁ ነው፤ ደጅ አቀጣጥላችሁ ጢሱ ሲያልቅ ፍሙን አስገቡ» አሉን። ምክራቸው እኩሌታው እውነት ነው። ጢሱ በእርግጥ ደጅ ይቀራል፤ የቀላው ፍም ግን ያለ ጢስ ያንኑ መርዝ ይሰጣል። በየቤታችን የሚሠራበት ልማድ ስለ ሆነ ይህን ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም።

እንግዲህ በደጋ የሚያድር ሰው ከድንኳን ውጭ ያብስል፤ ቢጫ ነበልባል ሲያይ ያጥፋ፤ የቱቦውን መጋጠሚያ በሳሙና አረፋ ይፈትን። ያልነደደው ጋዝ ከአየር የከበደ ስለ ሆነ ከመሬት ላይ ይጠራቀማልና የላይ መስኮት ብቻውን አይበቃም።

የፊዚክስ ደብተራችን ላይ ስለ አየር ግፊት የተጻፈው ሁሉ ነበረን። ወደ ሐይቅ ስንሄድ ግን ደብተሩን ከኮሌጅ ትተነው ሄድን። ከዚህ በኋላ የሚሄዱ ጓደኞቻችን ይዘውት እንዲሄዱ እንለምናለን።