በመቃብር ላይ የኖረ መንደር፤ የቁርና ሰዎች ታሪክ

በግብፅ አገር፣ ከሉክሶር ከተማ ፊት ለፊት፣ ከዓባይ ወንዝ በስተ ምዕራብ በሚገኘው ተራራ ላይ ቁርና የሚባል መንደር ነበረ። ነበረ ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከዲሴምበር 2006 ጀምሮ ቤቶቹ በቡልዶዘር ፈርሰው ከጥቂቶች በስተቀር የቀረ የለም።

መንደሩ የቆመው ከ3000 ዓመት በፊት በድንጋይ ተፈልፍለው በተሠሩ የመኳንንት መቃብሮች ላይ ነው። ሰዎቹ በመቃብሩ ደጃፍ ከጭቃ ጡብ ቤት ሠርተው፣ ዋሻውን ለከብት ማደሪያና ለዕቃ ማስቀመጫ ያደርጉት ነበር። መካ ደርሶ የተመለሰም የቤቱን ግድግዳ በመርከብና በአውሮፕላን ሥዕል ያስጌጥ ነበር።

ከመቃብሮቹ አንዱ፣ የንጉሥ ሦስተኛው ቱትሞስ ታላቅ ሹም የነበረው የሬኽሚሬ መቃብር፣ ለአንባቢዎቻችን ልዩ ነገር አለው። በግድግዳው ላይ የፑንት ሰዎች ስጦታ ይዘው ሲመጡ ይታያሉ፤ ብዙ ሊቃውንት ፑንትን በቀይ ባሕር ደቡብ፣ በኤርትራ፣ በኢትዮጵያና በሱዳን አካባቢ ይፈልጓታል። በሌላ ቦታ ደግሞ ምርኮኞች ጭቃ ሲያቦኩ፣ ጡብ ሲሠሩ፣ አለቃውም በትር ይዞ ሲጠብቃቸው ተሥሏል። ኦሪት ዘጸአትን ያነበበ ሁሉ ምዕራፍ 5ን ማስታወሱ አይቀርም። ሆኖም ሥዕሉ የእስራኤልን ልጆች ያሳያል ብሎ መጻፍ አይገባም፤ ጽሑፉ የሚናገረው ለአሞን ቤተ መቅደስ ሥራ ስለ መጡ ምርኮኞች ብቻ ነው።

የቁርና ሰው በሌብነት ስሙ የጠፋው በተለይ በ1881 ነው። የአብደል ረሱል ቤተሰብ ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ያገኘውና በምሥጢር የያዘው ዋሻ በዚያ ዓመት ታወቀ። ዳግማዊ ራምሴስን ጨምሮ ከ40 በላይ አስከሬኖች ወጥተው በመርከብ ወደ ካይሮ ተወሰዱ። መርከቡ ሲያልፍ የመንደሩ ሴቶች ዳር ወጥተው እንደ ለቅሶ ቤት አለቀሱ ይባላል። ስሙ ግን ግማሹን እውነት ይሸፍናል፤ ለውጭ አገር ሊቃውንት ሲቆፍሩ፣ ጎብኚ ሲመሩ፣ ድንጋይ ሲቀርጹ የኖሩት እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

መንግሥት ሊያነሣቸው የፈለገው መቃብሮቹን ከስርቆትና ከቤት ፍሳሽ ለማዳን ነበር። ምክንያቱ ከንቱ አልነበረም። ከ1945 ጀምሮ ሐሰን ፋትሂ የተባለው መሐንዲስ በሜዳው ላይ በጭቃ ጡብ፣ ጉልላት ያለው ውብ መንደር ሠራላቸው። አብዛኞቹ እንቢ አሉ። እርሱ ራሱ እንደ ጻፈው፣ ግድቡን ቆርሰው ውኃ እስከ መልቀቅ ደረሱ። ለእነርሱ ጉልላት የሙታን ማረፊያ ምልክት ነበር ይባላል፤ በመቃብር ላይ የሚኖር ሰው መቃብር የሚመስል ቤት ፈራ ማለት ነው! ዋናው ነገር ግን እንጀራቸው ተራራው ላይ መሆኑ ነው። ሥራው በ1948 አካባቢ ተቋረጠ።

ከ2006 በኋላ የሄዱበት በስተ ሰሜን የተሠራ አዲስ ሰፈር ውኃና መብራት አለው፤ ተራራው ላይ ውኃ በአህያ ይቀዳ ነበርና ይህን የወደዱ አሉ። ነገር ግን ወንድማማችና አጎት በአንድ ግቢ የኖሩበት፣ ከብት የሚታሰርበት ቤት አይደለም። በተደረደሩ ቤቶች መግባት ምን እንደ ሆነ ለአንባቢያችን ማስረዳት አያሻም።

እኛ የምናዝነው መንግሥት መቃብሩን ብቻ ቅርስ ብሎ ቤቱን እንደ ቆሻሻ በመጥረጉ ነው። የሬኽሚሬ ሥዕል ዛሬም አለ። የሐጆቹ መርከብና አውሮፕላን ግን ከግድግዳው ጋር ፈርሷል፤ የትኛው ቤት በየትኛው መቃብር ላይ እንደ ነበረ የሚያውቁትም ያረጁት ናቸው።