ኳሷ አየር ላይ ሳለች ማን ምንን ይመልከት? በረጅም ምቶች ጊዜ የዳኞች አቋቋምና የዕይታ ክፍፍል

መግቢያ

ረጅም ምት ለእግር ኳስ ዳኛ ከሚከብዱ ቅጽበቶች አንዱ ነው። ግብ ጠባቂው ኳሷን አርቆ ሲመታ የተመልካቹም፣ የተጫዋቹም፣ ብዙ ጊዜ የዳኛውም ዓይን ወደ ላይ ይነሣል። ጥፋቱ ግን የሚፈጸመው ከታች ነው፦ ማልያ መጎተት፣ ከኋላ መግፋት፣ ለመዝለል በተዘጋጀ ተጫዋች ፊት ላይ ክርን መሰንዘር። ዳኛው ያላየው ክርን ውጤት ከማዛባቱም በላይ የራስ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

ጉዳዩ በኢሉባቦር ከተሞች ልዩ ትኩረት የሚሻባቸው ሁለት ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው ዝናብ ነው። አካባቢው ለብዙ ወራት ዝናብ ስለሚያገኝ፣ ጭቃ በያዘ ሜዳ ላይ አጭር ቅብብል ሲያስቸግር ኳስን በአየር ማሻገር ቀላሉ አማራጭ ይሆናል። ሁለተኛው ከፍታ ነው። መቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ፣ ጎሬ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በመቱ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው 15 በመቶ ያህል ስለሚሳሳ፣ በእኩል ኃይል የተመታች ኳስ ራቅ ብላ ታርፋለች። ይህ ጽሑፍ በእንዲህ ዓይነቱ ምት ጊዜ ዳኞች ሥራን እንዴት መከፋፈል እንዳለባቸው ለማብራራት ይሞክራል።

የአሜሪካ ፉትቦል ትምህርት

ይህን የሥራ ክፍፍል በዝርዝር ከደነገጉ ስፖርቶች አንዱ የአሜሪካ ፉትቦል ነው። በዚያ ጨዋታ አንድ ቡድን በአራት ሙከራ አሥር ያርድ መግፋት ይጠበቅበታል፤ በሦስቱ ካልተሳካለት ብዙ ጊዜ በአራተኛው ኳሷን ከእጁ ለቆ አርቆ ይመታታል። ምቱ ፐንት ይባላል። የተዋጣለት መቺ የመታት ኳስ ከ4 እስከ 5 ሰከንድ አየር ላይ ትቆያለች።

በፕሮፌሽናል ደረጃ ሰባት ዳኞች ይሰለፋሉ። ዋናው ዳኛ ከመቺው ኋላ ወደ ጎን ብሎ ይቆማል፤ ኳሷ ከተመታች በኋላም መቺው ከግጭት አደጋ እስኪወጣ ድረስ ዓይኑን ከእርሱ አያነሣም። በመነሻው መስመር አካባቢ ያሉት ዳኞች በሚጋፉትና በሚሮጡት ተጫዋቾች መካከል መጎተትና መግፋት እንዳይኖር ይቆጣጠራሉ። በጥልቀት የቆሙት ሦስቱ ደግሞ ተቀባዩ ኳሷን ያለ እንቅፋት ለመያዝ ዕድል ማግኘቱን ይመለከታሉ።

ኳሷ ከአየር ላይ በቀጥታ ከሜዳ ስትወጣም መተጋገዙ ይታያል። በጎን መስመር ላይ ያለው ዳኛ መስመሩን ያቋረጠችበትን ነጥብ በትክክል መለየት ይከብደዋል። ስለዚህ በመስመሩ ላይ ሲራመድ፣ በረራዋን ከኋላ ያየው ዋና ዳኛ ትክክለኛው ቦታ ላይ ሲደርስ በክንዱ ምልክት ያስቆመዋል። የሥርዓቱ መሠረተ ሐሳብ አንድ ነው፦ ለአብዛኞቹ ዳኞች የሚሰጣቸው ኳሷ ሳትሆን ሰዎች ናቸው።

ሦስት ዳኞች፣ አንድ ሜዳ

በእግር ኳስ ሥራው በሦስት ሰዎች ላይ ይወድቃል። እንግሊዛዊው ስታንሊ ራውስ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስፋፋው የሰያፍ አሠራር ዋናውን ዳኛ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሚዘረጋ መስመር ያንቀሳቅሰዋል፤ ሁለቱ ረዳቶች በተቃራኒ የጎን መስመሮች ላይ ይሠራሉ። ጨዋታው ሁልጊዜ በዋናው ዳኛና በቅርቡ ባለው ረዳት መካከል እንዲገኝ ይፈለጋል።

በዚህ መሠረት ግብ ጠባቂው ኳስ ከእጁ ሲለቅ፣ በእርሱ በኩል ያለው ረዳት ከፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ጠርዝ ትይዩ ቆሞ ኳሷን ከክልሉ ውጭ በእጁ አለመንካቱን ያረጋግጣል። ተጋጣሚ ግብ ጠባቂው ኳሷን እንዳይለቅ ማገዱንም ለማየት የቀረበው እርሱ ነው። የወዲያኛው ረዳት ከመጨረሻው ሁለተኛ ተከላካይ ጋር ይሰለፋል። እዚህ ላይ የምቱን ዓይነት መለየት ግድ ይላል። ከመልስ ምት ኳስን በቀጥታ የተቀበለ ተጫዋች ከጨዋታ ውጭ አይባልም፤ ከግብ ጠባቂው እጅ ተለቃ የተመታችን ኳስ የተቀበለ ግን ሊባል ይችላል። በመልስ ምትም ቢሆን አንድ አጥቂ በግንባሩ ገጭቶ ለጓደኛው ካሳለፈ ሕጉ ወዲያውኑ ስለሚሠራ ረዳቱ መስመሩን መልቀቅ የለበትም።

ስለዚህ ኳሷ በምታርፍበት ስፍራ ለሚደረገው ሽሚያ ዋነኛው ተጠያቂ መሐል ያለው ዳኛ ነው። ከ2025/26 የውድድር ዘመን ጀምሮ የወጣው ደንብ ይህን አክብዶታል። ግብ ጠባቂው ኳሷን ከ8 ሰከንድ በላይ በእጁ ከያዘ ለተጋጣሚው የማዕዘን ምት ይሰጣል፤ ዳኛው የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች እጁን አንሥቶ ይቆጥራል። ዓይኑ ግብ ጠባቂው ላይ እንደ ቀረ ሰውነቱ ግን ወደ ማረፊያው መንቀሳቀስ አለበት ማለት ነው።

በከተሞቻችን ሜዳዎች

በ2018ቱ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ዳኞች ዝርዝር ውስጥ የነበሩት ባምላክ ተሰማ፣ በ2015 እና በ2019 በሴቶች ዓለም ዋንጫ የዳኙት ሊዲያ ታፈሰ በደረሱበት ደረጃ ዳኞች በመነጋገሪያ መሣሪያ ይረዳዳሉ። በከተማ ውድድር ያለው ግን ፊሽካ፣ ባንዲራና ዓይን ነው። ስለዚህ ስምምነቱ ከጨዋታው በፊት በቃል መጠናቀቅ ይኖርበታል፦ ግብ ጠባቂውን ማን ያያል? የሚዘሉትን ማን ያያል? ሽሚያው በጎን መስመር አቅራቢያ ከሆነ ቀድሞ የሚወስነው ማን ነው?

ዳኛው ብቻውን ሲሆን ሁሉንም ማየት ስለማይችል ቅደም ተከተል ይመርጣል። ግብ ጠባቂው ለመምታት ሲንደረደር ወደ ጎን ወጣ ብሎ ወደ ማረፊያው ይጠጋል። ኳሷ ስትነሣ አቅጣጫዋን ለመገመት የሚበቃውን ያህል ብቻ ያያታል፤ ከዚያ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ ሊሻሙ የተዘጋጁትን ሁለት ተጫዋቾች በመካከላቸው ያለው ክፍተት በሚታይበት አንግል ይመለከታል። ከፊት ወይም ከኋላ በቀጥታ የሚያይ ዳኛ ሁለቱ አካላት ስለሚጋረዱበት የመግፋቱን እጅ አያገኘውም።

ማጠቃለያ

በረጅም ምት ጊዜ ኳሷ ራሷ ጥፋት አትሠራም፤ የት እንዳለችም የተጫዋቾቹ እንቅስቃሴ ለዳኛው ይነግረዋል። የአሜሪካ ፉትቦል በሰባት ዳኞች የሚሠራውን በሦስት ወይም በአንድ ሰው መድገም አይቻልም፤ መሠረተ ሐሳቡን መውሰድ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። የዳኝነት ሥልጠናዎች ከሕግ አንቀጾች ጎን ለጎን ይህን የዕይታ ክፍፍል በሜዳ ላይ ቢያለማምዱ ለፍትሕም ለተጫዋቾች ደኅንነትም ይጠቅማል።