የፊልም ተአምር በሰንጠረዥ ሲለካ
የቪዥዋል ኢፌክት ሥራ ሪፖርት ምን ይናገራል? ምንስ ይደብቃል?

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2013 «ላይፍ ኦፍ ፓይ» የተሰኘው ፊልም በቪዥዋል ኢፌክት ዘርፍ የኦስካር ሽልማትን ተቀዳጀ። በኮምፒዩተር የተፈጠረውን ነብር ነፍስ የዘራበት ያህል አድርጎ ያቀረበው የካሊፎርኒያው ሪዝም ኤንድ ሂውዝ ስቱዲዮ ግን ሽልማቱ ሊሰጥ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሲቀረው በኪሳራ ምክንያት የፍርድ ቤት ከለላ ጠይቆ ነበር። የዘርፉ ባለሙያዎች ለዚህ ዓይነቱ ውድቀት ደጋግመው ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች አንዱ የክፍያው ሥርዓት ነው። ስቱዲዮዎች ሥራውን የሚረከቡት በአብዛኛው በቁርጥ ዋጋ ነው፤ ዳይሬክተሩ ሐሳቡን በለወጠ ቁጥር የሚመጣው ተጨማሪ ድካም ብዙውን ጊዜ በእነርሱው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሥራ የት እንደደረሰ፣ ስንት ጊዜም እንደተመለሰ በትክክል ማወቅ የህልውና ጉዳይ ነው።

የሥራው መለኪያ «ሾት» ይባላል፤ ካሜራው ሳይቋረጥ የሚያሳየው አንድ የምስል ቁራጭ ማለት ነው። በሲኒማ አንድ ሰከንድ 24 ምስሎችን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታየው «አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» የቪዥዋል ኢፌክት ሾቶቹ ብቻ ከ2,000 በላይ ናቸው። እያንዳንዱ ሾት በአኒሜሽን፣ በብርሃን፣ በመጨረሻም ምስሎችን በሚያዋሕዱ ባለሙያዎች እጅ ያልፋል። በየደረጃውም «አልተጀመረም»፣ «በሥራ ላይ»፣ «ግምገማ ይጠብቃል»፣ «ጸድቋል» የሚል ምልክት ይሰጠዋል።

ይህን ሁሉ የሚመዘግቡት ልዩ ሶፍትዌሮች ናቸው። ከታወቁት አንዱ ቀድሞ ሾትገን ይባል የነበረው ነው፤ አውቶዴስክ እ.ኤ.አ. በ2014 ከገዛው በኋላ ሾትግሪድ፣ በቅርቡ ደግሞ ፍሎው ፕሮዳክሽን ትራኪንግ የሚል ስያሜ አግኝቷል። የስዊድኑ ኤፍትራክና የፈረንሳዩ ኪትሱም ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣሉ።

ይሁንና ገንዘቡን የሚያወጣው ፕሮዲውሰር ወደ ስቱዲዮው ሥርዓት ራሱ ገብቶ ሁሉን አያይም። የሚደርሰው ከሶፍትዌሩ ወጥቶ የተላከ ሪፖርት ነው። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ሲኤስቪ በተባለ፣ መረጃዎችን በኮማ በሚለይ ተራ የጽሑፍ ፋይል ይዘጋጃል። ፋይሉ በየትኛውም የሰንጠረዥ ፕሮግራም ስለሚከፈት ተመራጭ ቢሆንም፣ ጥንቃቄ ካልታከለበት ያሳስታል።

አንደኛው ወጥመድ ማጣሪያው ነው። ሪፖርቱ የሚወጣው በስክሪኑ ላይ ከሚታየው ዝርዝር ከሆነ፣ በማጣሪያ የተደበቁ ሾቶች ከቁጥሩ ይጎድላሉ። ሁለተኛው የቀን አጻጻፍ ነው። 03/04 ለአሜሪካዊው ማርች 4፣ ለአውሮፓዊው ኤፕሪል 3 ነው። ሎስ አንጀለስና ለንደን በጋራ በሚሠሩት ፊልም ላይ ይህ ልዩነት የአንድ ወር ስህተት ያስከትላል፤ መፍትሔው ዓመቱን አስቀድሞ፣ ወሩንና ቀኑን አስከትሎ መጻፍ ነው።

ሦስተኛው ለአማርኛ ተጠቃሚዎች እንግዳ አይደለም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ተካትቷል። ሆኖም በዩቲኤፍ-8 የተቀመጠ ሲኤስቪ ፋይል የኮድ ዓይነቱን የሚያመለክት ምልክት በመነሻው ላይ ከሌለው፣ ኤክሴል በቀጥታ ሲከፍተው በሌላ ኮድ ሊያነበውና ፊደሉን ወደማይነበብ ምልክት ሊለውጠው ይችላል። ፋይሉን በቀጥታ ከመክፈት ይልቅ በኤክሴል የማስገቢያ መንገድ ዩቲኤፍ-8ን መርጦ ማስገባት ችግሩን ያስቀራል።

ከሁሉ የከፋው ግን መቶኛው ነው። ከ200 ሾቶች 180ው ጸድቀዋል እንበል። ሪፖርቱ «90 በመቶ ተጠናቋል» ይላል። የተጠናቀቁት እያንዳንዳቸው 2 የሥራ ቀን፣ የቀሩት 20ዎቹ ግን እያንዳንዳቸው 30 ቀን የሚጠይቁ ቢሆኑስ? ከጠቅላላው 960 የሥራ ቀን የተሠራው 360፣ ማለትም 37.5 በመቶ ብቻ ይሆናል። ቁጥሩ አልዋሸም፤ የተቆጠረው ነገር ግን ድካሙ አልነበረም።

በመሆኑም የበሰለ ሪፖርት ከሾቶቹ ብዛት ጎን የቀረውን የሥራ ቀን፣ እያንዳንዱ ሾት ስንት ጊዜ እንደተሻሻለና መረጃው የተወሰደበትን ቀንና ሰዓት ያሰፍራል። ዳይሬክተሩ ለአሥራ አምስተኛ ጊዜ ለውጥ ሲጠይቅ፣ ስቱዲዮው ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቅበት ማስረጃ በዚያ አምድ ውስጥ ይገኛልና።