በሐይቅና በአምባሰል መንገድ ላይ የብስክሌት መለኪያ ስለሚያሳየው የተሳሳተ ቍጥር

ከደሴ ወደ ሐይቅ፣ ከሐይቅም ወደ ውጫሌ በብስክሌት የሚጓዝ ሰው በእጀታው ላይ የምትታሰረውን ትንሽ መለኪያ ሲመለከት አንዳንድ ጊዜ ግራ ይጋባል። ፔዳሉን እየመታ ሳለ ፍጥነቱ ዜሮ ነው ትለዋለች፤ ቍልቍለቱን ዐርፎ ሲወርድ ደግሞ ልብህ በደቂቃ 210 ጊዜ መታ ትለዋለች። የዚህን ቍጥር ምንጭ፣ እስከ ምን ድረስም ሊታመን እንደሚገባው በአጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን።

በመጀመሪያ የፍጥነቱን እንመልከት። በተለመደው ዐይነት ከመንኰራኵሩ ቀጫጭን ሽቦዎች በአንዱ ላይ ማግኔት ይታሰራል፤ መንኰራኵሩን በያዘው ሹካ ላይ ደግሞ ሴንሰር የሚባለው ጠቋሚ ይቀመጣል። ማግኔቱ ባለፈ ቍጥር ጠቋሚው በራዲዮ ምልክት ይልካል። የመንኰራኵሩ ዙሪያ 2.1 ሜትር ቢሆን፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በሴኮንድ አራት ምልክት ያህል ይልካል ማለት ነው። ከአምስቱ አንዱ ቢጠፋ የ30 ኪሎ ሜትር መንገድ 24 ሆኖ ይጻፋል። በዚህ መለኪያ የመንገድ ርዝመት ለማጥናት ለሚያስብ ተማሪ ጕድለቱ ቀላል አይደለም።

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከማግኔቱ ነው። ኮረኮንች ላይ ሲንገጫገጭ ይንሸራተትና ከጠቋሚው ይርቃል፤ በመካከላቸው ሊኖር የሚገባው ክፍተት ግን ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። መንኰራኵሩን አንሥቶ በእጅ ማሽከርከር ነገሩን ይገልጠዋል። በሁለተኛ ደረጃ የሚጠረጠረው ባለ 3 ቮልቱ ክብ ባትሪ ነው፤ ያረጀ ባትሪ በደሴ የማለዳ ብርድ ይደክምና ፀሐይ ሲሞቅ ደኅና ይመስላል። በቅርብ ዓመታት የተሠሩት ጠቋሚዎች ማግኔት ስለማያስፈልጋቸው ከመጀመሪያው ችግር ነጻ ናቸው።

ስለ ራዲዮውም አንድ ነገር እንጨምር። የቀድሞዎቹ መለያ ቍጥር ስላልነበራቸው ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሲጋልቡ የአንዱ ልብ በሌላው መለኪያ ላይ ይነበብ ነበር (ለቀልድ እንጂ ለጥናት አይሆንም)። የዛሬዎቹ የየራሳቸው መለያ አላቸው፤ የሚሠሩትም እንደ ዋይፋይ በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው። ይህን ሞገድ ውሃ ይመጠዋል፤ የሰው ገላም አብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ መለኪያውን በጀርባ ኪስ ከማኖር በእጀታው ላይ ማሰር ይሻላል።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን የልብ ምት ነው። በደረት የሚታሰረው ቀበቶ የልብን ጥቃቅን ኤሌክትሪክ የሚቀበለው በእርጥብ ቆዳ ነው። በበጋ ደረቅ አየር ላብ ሳይወጣ፣ የናይሎን ልብስም በነፋስ እየተርገበገበ ሲፋተግ፣ የሐሰት ምት ይቈጠራል። መድኃኒቱ ቀበቶውን ከመታጠቅ በፊት በውሃ ማራስ ነው። ይሁን እንጂ ከፍ ያለ ቍጥር ሁሉ ሐሰት አይደለም። ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል፣ ደሴም ወደ 2,500 ሜትር ስለሚጠጉ፣ ከቈላ የመጣ ሰው ልብ ለዚያው ድካም አብዝቶ ይመታል። ስለዚህ ቍጥሩ ያስደነገጠው ሰው ከብስክሌቱ ይውረድ፤ ሁለት ጣቱን በአንገቱ ሥር ላይ አድርጎ 15 ሴኮንድ ይቍጠርና በአራት ያባዛ። ከመለኪያው እጅግ ካነሰ ቀበቶውን ያርስ፤ ዐርፎም ሳለ ሁለቱ ቍጥሮች በከፍታቸው ከተስማሙ ግን መለኪያው እውነቱን ነውና፣ ጉዞውን ትቶ ወደ ሐኪም ይሂድ።