ከኮንክሪቱ በፊት ፍጥነቱን

እ.ኤ.አ. ጁላይ 26 ቀን 1942 ሌሊት፣ በዴቪድ ስተርሊንግ የሚመሩ 18 የእንግሊዝ ጂፖች በግብፅ በረሃ ሲዲ ሃኒሽ ከሚገኘው የጀርመን አየር ማረፊያ ሰብረው ገቡ። በጨረቃ ብርሃን በቆሙት አውሮፕላኖች መካከል እየነዱ መትረየስ አርከፈከፉባቸው። ከ30 በላይ አውሮፕላኖች ወደሙ ወይም ተጎዱ። ሰማይ ላይ የሚያስፈራው አውሮፕላን መሬት ላይ ሲቆም ስስ ብረትና ነዳጅ ብቻ ነው።

ታዲያ መኪናን ምን ያቆመዋል? ብዙዎቻችን ወፍራም ግንብ እንላለን። ፊዚክስ ግን መጀመሪያ የሚያየው ፍጥነትን ነው። የሚንቀሳቀስ አካል ጉልበት በክብደቱ ልክ፣ በፍጥነቱ ግን በካሬው ያድጋል። 6.8 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲበር ወደ 1.7 ሚሊዮን ጁል ይሸከማል። ፍጥነቱ ወደ 40 ሲወርድ የሚቀረው ሩቡ፣ ወደ 420 ሺህ ጁል ብቻ ነው። በአሜሪካ መስፈርት ጠንካራ የሚባሉት ማገጃዎች የሚፈተኑትም በዚሁ መኪና በዚሁ 80 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ መኪናው ከ1 ሜትር በላይ ዘልቆ ካላለፈ ከፍተኛውን ደረጃ ያገኛሉ።

ስለዚህ ጎበዝ መሐንዲስ ከኮንክሪቱ በፊት መንገዱን ያጣምማል። ሾፌሩ በቀጥታ መንደርደር እንዳይችል መታጠፊያ ያበጃል፣ በሜዳው በኩል ጥልቅ ቦይ ይቆፍራል። ከመሬት ጋር ያልታሰረ የኮንክሪት ብሎክ ብቻውን አያስተማምንም፤ ከባድ መኪና ገፍቶት ያልፋል።

ከባዱ ፈተና ግን አውሮፕላኑ ራሱ ነው። በማኮብኮቢያ አቅራቢያ የሚተከል ነገር አውሮፕላን ቢነካው በቀላሉ እንዲሰበር ይፈለጋል፤ ማገጃ ደግሞ እንዳይሰበር ነው የሚሠራው። ሁለቱን ማስታረቅ የሚቻለው በርቀት ነው፤ ጠንካራው ማገጃ ወደ ውጭ፣ ክንፍ ከማይደርስበት ይሆናል። የኮንክሪት ስብርባሪ ወደ ጄት ሞተር ከተሳበም ምላጮቹን ይጎዳል። ተዋጊ አውሮፕላን በደቂቃዎች መነሳት ስላለበትም መውጫውን የሚዘጋው ማገጃ ፈጥኖ መውረድ አለበት።

እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ብራይዝ ኖርተን በተባለው የእንግሊዝ አየር ኃይል ሰፈር ተቃዋሚዎች በኤሌክትሪክ ስኩተር ገብተው በሁለት ቮዬጀር አውሮፕላኖች ሞተር ላይ ቀለም ረጩ። የጭነት መኪናን ለማቆም በተተከሉ ምሰሶዎች መካከል ስኩተር እንደ ልቡ ያልፋል። ለእሱ የሚያስፈልገው አጥር፣ ካሜራና ንቁ ዘበኛ ነው፤ ማገጃ ብቻውን አውሮፕላን አይጠብቅም።